አባቴን ከልብ ወለድ ውስጥ እንዴት ላውጣው?

«የአባቷ ልጅ» በሚል የብዕር ስም የደረሰን ደብዳቤ ረጅም በመሆኑ ፍሬ ሐሳቡን አሳጥረን እንደሚከተለው አቅርበነዋል።

«አባቴ ካረፈ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። በወጣትነቱ ከአንድ ደራሲ ጋር የልብ ጓደኛ ነበር፤ ደራሲው ዛሬ በዕድሜ የገፉ ቢሆኑም በሕይወት አሉ። እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ ባሳተሙት ልብ ወለድ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ የሚወደው፣ ነገር ግን ከወዳጆቹ ገንዘብ እየተበደረ የማይመልስና በመጨረሻም የቅርብ ጓደኛውን አሳልፎ የሚሰጥ ገጸ ባሕርይ አለ። ይህ ሰው አባቴ እንደሆነ የሚያውቁን ሁሉ ያውቃሉ። አነጋገሩ፣ ሲስቅ ራሱን ወደ ኋላ መጣሉ፣ ጫማውን ሲጠርግ ማንጎራጎሩ ሁሉ የአባቴ ነው። ክህደቱ ግን ፈጽሞ የእርሱ አይደለም። ስለ ብድሩ እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ጊዜ ከደራሲው ተበድሮ ሳይመልስ መቅረቱን እናቴ ነግራኛለች። በቅርቡ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጄ መጽሐፉን አንብቦ ‹አያቴ እንዲህ ነበር?› ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ አጣሁ። አሁን በጋዜጣ የሚወጣ ማስተባበያ ጽፌ ጨርሻለሁ። ላሳትመው? ደራሲውን ልክሰሳቸው? ልጄንስ ምን ልበለው? የሚያሳፍረኝ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ የአባቴን ሳቅ ዛሬ የምሰማው በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ብቻ ስለሆነ እየጠላሁት በየዓመቱ አነበዋለሁ።»

ውድ እኅታችን፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ፣ ከእርሱ ጋር አያይዘው የላኩትን ማስተባበያም እርሳስ ይዤ መስመር በመስመር አንብቤያለሁ። ለጋዜጣው የሚልኩበትን ቀን ቆርጠው ይሆናል ብዬ ስለምሰጋ ምክሬን ከመጨረሻው ልጀምር፤ ማስተባበያውን አያሳትሙት። ይህን ስል ዝም ይበሉ ማለቴ አይደለም። ስለ አባትዎ መጻፍ ይገባዎታል፤ ምናልባትም ከእርስዎ በቀር ሊጽፍላቸው የሚችል ሰው የለም። እኔን ያሳሰበኝ የጻፉት ነገር ስለ አባትዎ አለመሆኑ ነው። ስድስቱን ገጾች አንብቤ ስጨርስ አባትዎ ያላደረጉትን ሁሉ ዐወቅሁ፤ ጓደኛቸውን አሳልፈው እንዳልሰጡ፣ ቃላቸውን እንዳላጠፉ፣ የሰው ገንዘብ የኑሮ መተዳደሪያቸው እንዳልነበረ ተረዳሁ። ያደረጉትን ግን አንድም ነገር አላገኘሁም። የሒሳብ መምህር እንደነበሩ እንኳ የተረዳሁት ከማስተባበያው ሳይሆን በደብዳቤዎ ግርጌ በእግረ መንገድ ካሰፈሯት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። ማስተባበያው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚከራከረው ከገጸ ባሕርዩ ጋር ነው፤ አባትዎ በዚያ ክርክር ውስጥ የሉም።

ደራሲው አባትዎን እንዳሉ ገልብጠው በመጽሐፍ ላይ እንዳስቀመጧቸው ጽፈዋል። አንድ ሰው ወደ ልብ ወለድ የሚገባበት መንገድ ግን ከዚህ የተለየ ይመስለኛል፤ ይህንም በአንድ አባት ታሪክ ላሳይዎት። የእንግሊዛዊው ደራሲ የቻርልስ ዲከንስ አባት ጆን ዲከንስ በ1824 (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዕዳውን መክፈል ተስኖት ለንደን ውስጥ በሚገኘው ማርሻልሲ በተባለ የባለዕዳዎች እስር ቤት ለሦስት ወር ያህል ታስሮ ነበር። ልጁ ያን ጊዜ ገና የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሲሆን፣ ትምህርቱን አቋርጦ በጫማ ቀለም ፋብሪካ ውስጥ በቀለም ዕቃዎቹ ላይ ወረቀት ሲለጥፍ ይውል ነበር። ከዚህ ከአንድ አባትና ከአንድ ውርደት ዲከንስ ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሁለት ሰዎችን አወጣ። በ1849 እና በ1850 በየወሩ እየታተመ በወጣው «ዴቪድ ኮፐርፊልድ» ውስጥ ያለው ሚካውበር፣ ዕዳ እየተከመረበት ነገ አንድ ነገር ይገኛል ብሎ የሚጠብቅ፣ ንግግሩ የተንዛዛ፣ አንባቢ ሁሉ ግን የሚወደው ሰው ነው። ከ1855 እስከ 1857 በወጣው «ሊትል ዶሪት» ውስጥ ያለው ዊልያም ዶሪት ደግሞ በዚያው በማርሻልሲ ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ፣ ጎብኚዎቹ በእጁ የሚያስጨብጡትን ሳንቲም እንደሚገባው ግብር የሚቀበል፣ ኩራቱ አንጀት የሚበላ ሽማግሌ ነው። ሦስት ወር ሃያ ዓመት ሆኗል፤ አንዱ ሰው ለሁለት ተከፍሏል። ጆን ዲከንስ ከሁለቱ የትኛው ነበር ብለው ቢጠይቁኝ፣ ሁለቱም ከእርሱ ተወስደዋል፣ እርሱ ግን ሁለቱንም አልነበረም ብዬ እመልስልዎታለሁ።

የአባትዎም ነገር እንዲሁ ይመስለኛል። ደራሲው ሳቃቸውን፣ እንጉርጉሯቸውንና የአነጋገራቸውን ጣዕም ወስደዋል፤ ክህደቱን ግን ከሌላ ሰው፣ ከሌላ ጊዜ ወይም ከገዛ ልባቸው አምጥተውት ሊሆን ይችላል። ደራስያን በራሳቸው ውስጥ ያዩትንና የፈሩትን ድክመት በሚወዱት ሰው ፊት ላይ ማልበሳቸው እንግዳ ነገር አይደለም። ይህን የምነግርዎ ደራሲውን ነጻ ለማውጣት አይደለም፤ የሚያውቁት ፊት በማያውቁት ሥራ ላይ ተለጥፎ ማየት የሚያደርሰው ሕመም እውነተኛ ሕመም ነው። ይሁን እንጂ እርስዎ ሳያስቡት ገጸ ባሕርዩንና አባትዎን አንድ አድርገው መቁጠር ጀምረዋል፤ ማስተባበያው ሲታተም ደግሞ ሌላውም ሰው እንደዚያው እንዲቆጥር ያደርጋል።

ይህ የደረሰበት ሰው አለ። ጀርመናዊው ደራሲ ቶማስ ማን በ1901 «ቡደንብሩክስ» የተባለውን ልብ ወለድ ሲያሳትም፣ የተወለደባት የሉቤክ ከተማ ሰዎች የትኛው ገጸ ባሕርይ የትኛው ጎረቤታቸው እንደሆነ የሚያመለክት የስም ዝርዝር ከእጅ ወደ እጅ ያስተላልፉ ነበር። ሥራ የማይበረክትለትና ሁልጊዜ ስለ ሕመሙ የሚያወራው ክርስቲያን ቡደንብሩክ የተቀዳው ከደራሲው አጎት ከፍሪድሪኽ ማን ነው ተባለ። አጎትየው ዐሥራ ሁለት ዓመት ታገሠ። በ1913 ግን በከተማዋ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አውጥቶ፣ መጽሐፉ ብዙ ሐዘን እንዳደረሰበት፣ የቅርብ ዘመዶቹን ጭቃ ውስጥ የሚጎትት ደራሲም የገዛ ጎጆውን እንደሚያቆሽሽ ወፍ እንደሆነ ገለጸ። ቁጣው ተገቢ ነበር፤ እኔም በእርሱ ቦታ ብሆን ያን ያህል ዓመት የምታገሥ አይመስለኝም። ውጤቱ ግን ምን ሆነ? ማስታወቂያው እስከዚያ ቀን ድረስ በሐሜት ደረጃ የነበረውን ነገር በራሱ ፊርማ አጸናው። ዛሬ ፍሪድሪኽ ማን የሚታወሰው በሁለት ነገር ነው፤ በክርስቲያን ቡደንብሩክና ስለ ክርስቲያን ቡደንብሩክ ባወጣው ማስታወቂያ። ከእነዚህ ከሁለቱ ውጪ የኖረው ሕይወት የት እንደገባ የሚጠይቅ የለም። ለአባትዎ የምፈራው ይህንን ነው።

ከእርስዎ ጉዳይ ጋር ከሁሉ ይበልጥ የሚቀራረበው የሊ ሀንት ታሪክ ስለሆነ በእርሱ ላይ ጥቂት ልቆይ። ሀንት እንግሊዛዊ ገጣሚ፣ ሐያሲና የጋዜጣ አዘጋጅ ነበር። ከወንድሙ ከጆን ጋር በሚያወጣው «ዘ ኤግዛሚነር» በተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ፣ በንጉሡ ፈንታ እንግሊዝን ይገዛ የነበረውን ልዑል የሚነቅፍ ጽሑፍ በመውጣቱ ሁለቱ ወንድማማቾች ከ1813 እስከ 1815 ታስረዋል። በ1816 የገጣሚውን የጆን ኪትስን ግጥም ለመጀመሪያ ጊዜ በኅትመት ያወጣውም ሀንት ነው። በገንዘብ ነገር ግን ደካማ ነበር፤ አብዛኛውን ዘመኑን በዕዳ ኖሯል፣ ወዳጆቹ፣ በተለይም ገጣሚው ሼሊ፣ ብዙ ጊዜ ከዕዳው አውጥተውታል። ዲከንስም ከወዳጆቹ አንዱ ነበር። ይኸው ዲከንስ በ1852 እና በ1853 ባወጣው «ብሊክ ሃውስ» ውስጥ ሃሮልድ ስኪምፖል የሚባል ሰው ፈጠረ። ስኪምፖል ስለ ገንዘብ በተነሣ ቁጥር ራሱን ምንም እንደማያውቅ ሕፃን እያቀረበ በሰው ኪስ የሚኖር፣ ጨዋታው የሚጥም፣ ውስጡ ግን የቀዘቀዘ ሰው ነው። ጉቦ ተቀብሎም፣ ታሞ መጠጊያ ያገኘውን ጆ የተባለ ምስኪን ልጅ ለፖሊስ አሳልፎ ይሰጣል። ወዳጆቹ ስጋታቸውን ስለ ነገሩት ዲከንስ የገጸ ባሕርዩን ስም ከሌናርድ ወደ ሃሮልድ ለውጦታል፤ የመጽሐፉ ሠዓሊም በሥዕሉ ሀንትን እንዳይመስል አድርጎ ሥሎታል። ይህ ሁሉ ግን አልጠቀመም፤ ሀንትን የሚያውቁ ሁሉ ለዩት። ዲከንስ ራሱ ለአንዲት ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ስኪምፖል የእውነተኛ ሰው ትክክለኛ ቅጂ መሆኑን በኩራት ገልጿል።

ሀንት በ1859 ካረፈ በኋላ፣ ዓመቱ ሳይወጣ፣ ዲከንስ በሚያዘጋጀው መጽሔት ላይ የወዳጁን ስም የሚያድስ ጽሑፍ አወጣ። ከሀንት የወሰደው ደስ የሚለውን አነጋገሩንና ሁኔታውን ብቻ እንደሆነ፣ ነውሩ ግን ፈጠራ እንደነበረ አስረዳ። ካሳው ዘገየ፤ ሊያነበው የሚገባው ሰው አላነበበውም። አሁን ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ልጁ ያደረገውን ነው። የሀንት የበኩር ልጅ ቶርንተን ጋዜጠኛ ስለነበረ ማስተባበያ ለመጻፍ ብዕርም መድረክም አላጣም። ይሁን እንጂ በ1860 አባቱ ከመሞቱ በፊት ሲያሻሽለው የነበረውን ግለ ታሪክ አስተካክሎ በራሱ መቅድም አሳተመው፤ በ1862 ደግሞ የአባቱን ደብዳቤዎች ሰብስቦ በሁለት ቅጽ አወጣቸው። ስኪምፖል በዚህ አልሞተም፤ ይህን አልደብቅዎትም። እስከ ዛሬ የሀንት ስም ሲነሣ ስኪምፖልን የሚያነሣ አይጠፋም። ሆኖም ሀንት ማን ነበር ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚገባበት ሌላ በር አለ፤ ያን በር የከፈተለት አባቱ የጻፈውና ልጁ የጠበቀው ወረቀት ነው።

እኔም ስኪምፖልን ከሀንት ብዙ ዓመት ቀድሜ አውቀው ነበር። የሀንትን ግለ ታሪክ ሳነብ ልቤን የነካው፣ በእስር ቤት የተሰጠውን ክፍል ግድግዳውን የጽጌረዳ ሐረግ በተሣለበት ወረቀት አስለብሶ፣ ጣሪያውን ደመና ያለበት ሰማይ አስመስሎ አስቀብቶ፣ መጻሕፍቱን ደርድሮ የኖረበት ክፍል ነው። ውበትን ከሒሳብ የሚያስቀድም ይህ ጠባይ በስኪምፖል ላይ ሲታይ ኃላፊነት የጎደለው ራስ ወዳድነት ነው፤ በታሰረ ሰው ክፍል ውስጥ ሲታይ ግን ድፍረት ነው። ጠባዩ ያው አንድ ጠባይ ነው፤ ልዩነቱ የተቀመጠበት ሥራ ነው። የአባትዎም ሳቅ በልብ ወለዱ ውስጥ ከክህደት አጠገብ በመቀመጡ የከሐዲ ሳቅ ሆኗል። እርስዎ ሊያደርጉ የሚችሉት ትልቁ ነገር ያን ሳቅ በእውነት ወደነበረበት ሥራ አጠገብ መመለስ ነው፤ ወደ ጥቁር ሰሌዳው፣ ወደ ተማሪዎቻቸው፣ ወደ ቤታችሁ።

እዚህ ላይ በደብዳቤዎ ውስጥ ካሉት ቃላት ሁሉ ያከበርኩትን ላንሣ፤ ስለ ብድሩ የጻፉትን ነው። ይህን ለማያውቁት ሰው መጻፍ ቀላል አልነበረም፤ በማስተባበያው ውስጥ ግን የለም፤ እንዲያውም አባትዎ ከማንም ተበድረው እንደማያውቁ የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር አስፍረዋል። ይህ ዓረፍተ ነገር ቢታተም ደራሲው በአንዲት መስመር ሊያፈርሱት ይችላሉ፤ አበዳሪው እርሳቸው ናቸውና። ከፈረሰ ደግሞ እውነት የሆነው ቀሪው ሁሉ አብሮ ይፈርሳል። ከዚህም ሌላ፣ ቁጣዎ ይህን ያህል የበረታው መጽሐፉ ሙሉ በሙሉ ውሸት ስለሆነ ሳይሆን በከፊል እውነት ስለሆነ አይደለምን? ፈጽሞ የማይመስለን ሐሜት ቶሎ ይረሳል፤ እንቅልፍ የሚነሳው አንድ እውነት የያዘው ነው። የተበደሩትን ያልመለሱ አባት ጓደኛቸውን አሳልፈው ከሰጡ አባት ጋር አንድ አይደሉም፤ ያን ልዩነት ለአንባቢ ማሳየት የሚችሉት ግን ብድሩን ራስዎ ቀድመው ሲናገሩ ብቻ ነው።

በአገራችን የሚታወቀውንም ምሳሌ ላንሣ። የበዓሉ ግርማ «ደራሲው» ውስጥ ያለው ሲራክ የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር መልክ እንዳለበት ሲነገር ኖሯል። ነገር ግን ስብሐትን ለማወቅ ወደ ሲራክ ብቻ የሚሄድ አንባቢ የለም፤ ስብሐት የራሱ መጻሕፍት፣ የራሱ ድምፅ ነበረውና ከገጸ ባሕርዩ ጎን ራሱን ችሎ ይቆማል። የአባትዎ ችግር ይህ ነው፤ እርሳቸው ለሕዝብ የጻፉት ነገር የለም፤ ስለዚህ ስለ እርሳቸው የተጻፈ አንድ ነገር ብቻ አለ፣ እርሱም ልብ ወለድ ነው። የጎደለው ማስተባበያ ሳይሆን ሁለተኛው ጽሑፍ ነው።

ሁለተኛውን ጽሑፍ ለመጻፍ የሚያስፈልግዎ ከሞላ ጎደል በእጅዎ እንዳለ ከደብዳቤዎ ተረድቻለሁ። ካርቶን ሙሉ ደብዳቤ፣ የማስተማሪያ ደብተሮችና ፎቶግራፎች እንዳሉ ጠቅሰዋል። መጀመሪያ ምንም ሳይጽፉ ወረቀቶቹን በዓመታቸው ይደርድሯቸው፤ ቀን የሌለው ካለ በይዘቱ ገምተው በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት፣ በወረቀቱ ላይ ግን በቀለም ምንም አይጻፉ። እናትዎንም ያነጋግሩ፤ ይህ የማይዘገይ ሥራ ስለሆነ አያቆዩት፣ ድምፃቸውንም ይቅረጹ። ሲጠይቋቸው ‹አባቴ ጥሩ ሰው ነበር?› ብለው አይጠይቁ፤ ‹ማታ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ያደርግ ነበር? ደሞዙን ሲቀበል ለማን ይሰጥ ነበር? ከጓደኛው ጋር የተራራቁት በየትኛው ዓመት ነው?› ብለው ይጠይቁ። የቀድሞ ተማሪዎቻቸውን ይፈልጉ፤ ከሁለትና ከሦስት ሰው በላይ የሚስማማበትን ነገር እንደ እውነት ያስፍሩ፣ አንድ ሰው ብቻ የተናገረውን ደግሞ የተናገረውን ሰው ጠቅሰው ይጻፉ። ያ ልብ ወለድ በጽሑፉ ውስጥ መግባት ካለበት በአንድ አንቀጽ ይግባ፤ ከመካከል አልፎ፣ ከተከሰተበት ዓመት ጋር፣ በአባትዎ ሕይወት ውስጥ እንደደረሰ አንድ ነገር። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ካስቀመጡት መጽሐፉ በሙሉ ለእርሱ መልስ ይሆናል።

ይህ ሥራ የሚጽፈውንም ሰው እንደሚጠቅም የሚመሰክር ሰው አለ። አባቱ ኤ. ኤ. ሚልን በ1926 ባሳተመው የልጆች መጽሐፍ ውስጥ ከድቡ ከዊኒ ዘ ፑህ ጋር በስሙ የገባው ክሪስቶፈር ሮቢን ሚልን፣ በትምህርት ቤት በዚያ መጽሐፍ የተነሣ ሲያሾፉበት አድጓል፤ ለረጅም ጊዜም አባቱን አልወደደለትም ነበር። በ1974 የልጅነቱን ታሪክ በራሱ ብዕር ጽፎ አሳተመ። በኋላ እንደገለጸው መጻፉ ከአባቱና ከመጽሐፉ ልጅ ጥላ ሥር አውጥቶ፣ ከሁለቱም ጎን ቆሞ ዓይን ለዓይን እንዲያያቸው አስችሎታል።

ደራሲውን በተመለከተ፣ በሕይወት መኖራቸው ቶርንተን ሀንት ያላገኘው ዕድል ነው ብዬ አስባለሁ፤ የዲከንስ ካሳ የዘገየው ለሟቹ ነው፣ እርስዎ ግን ሕያው ሰው ሊጠይቁ ይችላሉ። በጋዜጣ ሳይሆን በግል ደብዳቤ ይጻፉላቸው። በ1849 «ዴቪድ ኮፐርፊልድ» በየወሩ እየወጣ ሳለ፣ በቁመቷ እጅግ አጭር የነበረችው የዲከንስ ጎረቤት ጄን ሲሞር ሂል ሚስ ማውቸር በተባለችው አጠራጣሪ ገጸ ባሕርይ ውስጥ ራሷን አይታ ምን ያህል እንደቆሰለች ለደራሲው በቀጥታ ጻፈችለት። ዲከንስ ከፊሉን ከእርሷ መውሰዱን አምኖ አሳቡን እንደሚለውጥ ቃል ገባላት፤ ሚስ ማውቸር በ1850 በወጣው ክፍል ተመልሳ ስትመጣ ቅን ልብ ያላት ሴት ሆናለች። ጀርመናዊው ደራሲ ጎተም በ1774 ባሳተመው የቬርተር ታሪክ በተባለ ልብ ወለድ ውስጥ ወዳጁን ከስትነርን አልበርት በተባለ ገጸ ባሕርይ መልክ ማሳነሱ ሰውየውን አሳዝኖት ቅሬታውን ስለ ገለጸ፣ በ1787 ባወጣው የተሻሻለ ኅትመት አልበርትን በተሻለ ብርሃን አሳይቶታል። ከታተመ መጽሐፍ የሚታረም ነገር ጥቂት ቢሆንም ቀጣይ ኅትመት ካለ አንድ ገጽ መቅድም ብዙ ይሠራል።

ደብዳቤዎን በብድሩ ይጀምሩት። እንደሚያውቁት፣ እንደማይክዱት ይግለጹላቸው፤ ዕዳውን ልክፈል አይበሉ፣ ይህ ዝምታ መግዛት ሊመስል ይችላል። ቀጥለው የልጅዎን ጥያቄ በተጠየቁበት ቃል ይጻፉላቸው፣ ከዚያም አንድ ነገር ብቻ ይለምኗቸው፤ ክህደቱ የአባትዎ ሥራ እንዳልነበረ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልዎ። መልስ ላያገኙ ይችላሉ። ሩሲያዊው ደራሲ ቼኾቭና ሠዓሊው ሌቪታን እንኳ፣ ሌቪታን ራሱን ባየበት በ1892 በታተመ አንድ የቼኾቭ አጭር ልብ ወለድ ምክንያት ሦስት ዓመት ያህል ተኳርፈው፣ በ1895 የታረቁት የጋራ ወዳጃቸው ወደ ቼኾቭ ቤት ሌቪታንን ይዛው ስለ ሄደች ነው። እናንተንም የሚያቀራርብ ሽማግሌ ወይም የጋራ ወዳጅ ካለ ደብዳቤውን በእርሱ እጅ ይላኩት።

ስለ ክስ የጠየቁኝን በአጭሩ እመልሳለሁ። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ በሞተ ሰው ስም ስለሚቀርብ የስም ማጥፋት አቤቱታ ሕጎች ከአገር አገር ስለሚለያዩ ጠበቃ ማማከር ይኖርብዎታል። የማስጠነቅቅዎ በካርቶኑ ውስጥ ስላሉት የደራሲው ደብዳቤዎች ነው። ወረቀቱ የእርስዎ ቢሆንም፣ በአብዛኛው አገር ሕግ የደብዳቤው ቃል የጻፈው ሰው ንብረት ሆኖ ስለሚቆይ ያለ ፈቃዳቸው አያሳትሟቸው።

ልጅዎ ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ መልሱን ለመሸከም ይችላል። ‹አያትህ እንዲህ አልነበረም› ብለው ቢመልሱለት ነገ ስለ ብድሩ ከሌላ ሰው ሲሰማ ሌላውንም ሁሉ ይጠራጠራል። ስለዚህ እንዳለ ይንገሩት፤ ሳቁ የአያትህ ነው፣ እንጉርጉሮውም የእርሱ ነው፣ አንድ ጊዜ ተበድሮ አልመለሰም፣ ጓደኛውን ግን አሳልፎ አልሰጠም፤ ያን የጨመረው ደራሲው ነው። ከዚያ ካርቶኑን አብሮዎት እንዲከፍት ይጋብዙት። የእጅ ጽሕፈታቸውን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ለአንድ ወጣት የሚሆን ሥራ ነው፤ እየገለበጠም አያቱን ከልብ ወለዱ ውጪ፣ በራሳቸው ቃል፣ በሒሳብ ደብተራቸው ኅዳግ ላይ በጻፉት ማስታወሻ ያገኛቸዋል።

መጽሐፉን እየጠሉ በየዓመቱ ማንበብዎ አያሳፍርም። ደራሲው ወዳጃቸውን በጥንቃቄ አይተዋል፣ በጥንቃቄም ሰምተዋል፤ በዚህ አንድ ነገር እርስዎና እርሳቸው የአንድ ሰው ናፋቂዎች ናችሁ። ግን ከካርቶኑ በፊት አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ልብ ወለዱን ለአንድ ወር ከእጅዎ አርቀው፣ በባዶ ወረቀት ላይ አባትዎ ሲስቁ የሚያስታውሱትን አንድ ቀን ብቻ ይጻፉ፤ በምን እንደሳቁ፣ ማን አጠገባቸው እንደነበረ፣ እርስዎ የት ተቀምጠው እንደነበር። በየዓመቱ የተነበበ መጽሐፍ የራሳችንን ትዝታ ቀስ እያለ ስለሚሸፍነው፣ መጀመሪያ የሚመጣልዎ የመጽሐፉ ትዕይንት ሊሆን ይችላል፤ እርሱን ይለፉት። በልብ ወለዱ ውስጥ የሌለ አንድ ሳቅ እስኪያገኙ ይጠብቁ፤ ሲያገኙት በዚያ ገጽ ይጀምሩ።